ጭሱ የት ደረሰ? የናሳን ወርልድቪው ሞከርኩት

ሰሞኑን ማታ ማታ ስልኬ ላይ የማፈጠው ቲክቶክ አይደለም፣ ሳተላይት ያየውን በካርታ የሚያሳየው ድረ ገጽ፣ የናሳ ወርልድቪው ነው። ነፃ ነው። ለማየት ብቻ ከሆነ አካውንት ክፈት ምናምን የለውም። ካርታው ይከፈታል፣ ከሥሩ ቀን መምረጫ አለ፣ የምትፈልጉትን መረጃ ደግሞ እንደ ነጠላ ትደርቡበታላችሁ። (ዋይፋይ ስታገኙ ክፈቱት፣ ካርታ ፓኬጅ ይበላል።)

እኔን የያዘኝ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ነው። አዎ፣ ያው ቤት ዘግተው ከሰል ሲያነዱ ሰው የሚጨርሰው ጋዝ። የሚለካው ኤርስ የሚባል መሣሪያ ነው፤ በፈረንጆቹ 2002 አኳ በተባለችው ሳተላይት ላይ ተጭኖ የወጣ ሽማግሌ። ፎቶ አያነሳም። ከምድር ወደ ላይ የሚወጣውን ሙቀት፣ ኢንፍራሬዱን ማለቴ ነው፣ 2378 ቦታ ሸንሽኖ ያየዋል፤ እያንዳንዱ ጋዝ የራሱን የሞገድ ርዝመት ስለሚውጥ፣ የጎደለው ታይቶ የቱ ጋዝ ምን ያህል እንዳለ ይሰላል። ሙቀት ደግሞ ፀሐይ ጠለቀች ብሎ አይቆምም። ስለዚህ ቀን ያለፈው መሣሪያ ሌሊትም ይለካል።

ቀኑን ወደ ጃንዋሪ 2020 መልሱትና የአውስትራሊያን ሰደድ እሳት እዩ። አንድ አንድ ቀን ወደፊት ስትገፉት ጋዙ ፓስፊክን አቋርጦ ደቡብ አሜሪካ ሲደርስ ታያላችሁ። ቡናዬ ቀዘቀዘብኝ። ወደኛ ሰፈር ስትመጡ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደቡብ ሱዳንና መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ሣሩ ሲቃጠል ነው፤ በኛ ክረምት እሳቱ ወደ አንጎላና ዛምቢያ ይወርዳል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የመርካቶ አየር ዛሬ እንዴት ዋለ ብላችሁ እንዳትጠይቁት። ከሚሰጣችሁ ካርታዎች አንዱ የሚያሳየው 5500 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ነው፣ ከራስ ዳሸን ጫፍ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ማለት ነው። መሬት ላይ ላለው ጋዝ ዓይኑ ደካማ ነው። አንዷ ነጥብም 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች አዲስ አበባ ጠቅላላ ትገባባታለች። ወፍራም ደመና ካለ ባዶ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ካርታው ወንፊት ይመስላል። ደመና ባይኖርም በሳተላይቷ ሁለት መንገዶች መሃል ክፍተት ስለሚቀር፣ አንዳንድ ቀን ኢትዮጵያ እዚያ ክፍተት ውስጥ ትወድቃለች።

ጠጋ ብሎ ማየት የሚፈልግ ኮፐርኒከስ ብራውዘር የሚባለው የአውሮፓ የሳተላይት ካርታ ድረ ገጽ ላይ ይግባና ትሮፖሚ የሚባለው መሣሪያ የለካውን ይመልከት። በፈረንጆቹ 2017 የመጠቀ ነው፣ ነጥቡ 5.5 በ7 ኪሎ ሜትር፣ ከመሬት የሚንጸባረቀውን ብርሃን ስለሚጠቀም ታች ያለውንም በደንብ ያያል። ግን ፀሐይ ከሌለች አይሠራም። የሌሊቱን ከፈለጋችሁ ያው ወደ ሽማግሌው ተመለሱ።