ሹፌር ያለው ወይስ ራሱን የሚነዳ መኪና፦ ለተሳፋሪ የቱ ይመቻል?

ይሄን ያሰብኩት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ጉልበቴ የፊት ወንበሩ ብረት ላይ ተጣብቋል፤ ሹፌሩ ስልክ ያወራል።

ማቅለሽለሽ፦ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ዓይን ስልክ ላይ ተተክሎ፣ የውስጥ ጆሮ እንቅስቃሴ ሲሰማው አንጎል ይምታታበታል። ሹፌር ብዙም የማያቅለሸልሸው መታጠፊያውን ቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። ራሱን በሚነዳ መኪና ግን ሁሉም ተሳፋሪ ነው። ሊማሊሞን ፌስታል ይዞ የወረደ ሰው ይገባዋል። በእርግጥ ማሽኑ ፍሬን በለስላሳው እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል፤ የኛን ሹፌሮች ማን ያስተምርልን!

ጸጥታ፦ አሜሪካ ፊኒክስ ውስጥ ዌይሞ የሚባለው ራሳቸውን የሚነዱ ታክሲዎች ድርጅት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሹፌር ሕዝብ ያሳፍራል። ሙዚቃውንም ቅዝቃዜውንም ተሳፋሪው ይመርጣል። እዚህ «ቀነስ አድርገው ወንድሜ» ብትል ረዳቱ ይገላምጥሃል።

እገዛ፦ ሹፌር ያሸንፋል። ጤፉን ያወርዳል፣ እማማን እጃቸውን ይዞ ያስወርዳል።

ብቻህን ከሆንክና ዝምታ ከወደድክ፣ ስልኩንም ኪስህ ከከተትክ፣ ማሽኑ ይሻልሃል። ዕቃ ወይም አዛውንት ከያዝክ ግን ሹፌር ያለውን ያዝ። እኔ? ጋቢና ካገኘሁ ሚኒባሱም አይከፋም።