አጣሪ ኮሚሽን ወይስ ቋሚ ተቋም?

በቡራዩ አንድ ጀበና ቡና ቤት፣ ሬዲዮው «ጉዳዩ እየተጣራ ነው» ሲል አንድ አዛውንት ሲኒያቸውን አስቀምጠው «አጣሪውን የሾመው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው በግጭት የደረሰ ግድያን ማን ያጣራ ለሚለው የሚቀርቡትን ሁለት አማራጮች ለመመዘን ይበቃል።

የመጀመሪያው ለአንድ ጉዳይ ብቻ የሚቋቋም አጣሪ ኮሚሽን ነው። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የተፈጠረውን ግጭት እንዲያጣራ ፓርላማው ያቋቋመው ኮሚሽን በቅርብ የሚታወሰው ምሳሌ ነው፤ የጸጥታ ኃይሎች የወሰዱት እርምጃ ተመጣጣኝ ነበር የሚል ሪፖርት ለምክር ቤቱ ሲቀርብ፣ ሰብሳቢው ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ወጥተው 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውንና ኃይሉ ከልክ ያለፈ እንደነበር ተናገሩ። ኮሚሽኑ በጉዳዩ ላይ የተጠመደ፣ ፈጣን ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ሲያበቃ ግን የሚከላከልለት የለም።

ሁለተኛው እንደ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ያለ ቋሚ ተቋም ነው። ቋሚነት ብቻውን ግን ከወገንተኝነት አያድንም፤ በዚሁ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከተማዋን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ለማስተሳሰር የወጣው ማስተር ፕላን ያስነሳውን ተቃውሞ ተከትሎ ተቋሙ በሰኔ 2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ 173 ሰዎች መሞታቸውን ገልጾ የተወሰደው እርምጃ ተመጣጣኝ ነበር ማለቱ፣ ዓለም አቀፉ የመብት ተሟጋች ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች በበኩሉ ሟቾቹን ከ400 በላይ ማድረሱ፣ እዚህ ሰፈር አልተረሳም። በ2012 ዓ.ም. የማቋቋሚያ አዋጁ መሻሻሉ ነጻነቱን አጠናክሯል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ቋሚ ተቋም የትናንት ሪፖርቱ ነገ ይጠየቅበታል፣ አጣሪ ኮሚሽን ግን ሲፈርስ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ አይታወቅም።