ፖሊ አካባቢ ያለ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት፦ ገመዱን ይነቅላሉ ወይስ እየሠራ ይነካካሉ?

ባሕር ዳር ውስጥ ኮምፒውተር የሚያስጠግን ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ይፈጃል? መቼ ልምጣ?» ነው። ከዋጋውና ከቀኑ በፊት መታየት ያለበት ግን ባለሙያው ክዳኑን ከመፍታቱ በፊት የኃይል ገመዱን ምን እንደሚያደርገው ነው። ፖሊ ካምፓስ አካባቢ ያለውን ይህን አነስተኛ የዴስክቶፕና የላፕቶፕ ጥገና ቤት የምንመዝነው በዚሁ ነው።

ዴስክቶፕ ሲቀበሉ በሥርዓቱ ያጠፉታል፣ ከኋላ ያለውን የፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሣጥን) ማብሪያ ይዘጋሉ፣ ገመዱን ይነቅላሉ፤ ከዚያ የፊቱን ቁልፍ አሥር ሰከንድ ያህል ተጭነው ይይዛሉ። የመጨረሻዋን እርምጃ ብዙ ቦታ ይዘሏታል። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ገመዱ እስከተሰካና የኋላው ማብሪያ እስከተከፈተ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት ወደ ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ ወደሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) መላኩን አያቆምም። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የምትበራው ትንሽ መብራት የምትናገረው ይህንኑ ነው። በዚህ ሁኔታ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻውን) መንቀል ወይም መሰካት ራሙንም ማዘርቦርዱንም ሊያቃጥል ይችላል። ቁልፉን መጫን ደግሞ ቦርዱ ላይ የቀረውን ቻርጅ ይጨርሳል። እዚህ ቤት ያቺ መብራት ሙሉ በሙሉ ሳትጠፋ ካቻቢቴ አይነሣም።

መብራት ሲሄድ የሚያደርጉትም ያስመሰግናል። «አሁንማ ኃይል የለም» ብሎ ክዳን መክፈት በከተማችን የተለመደ ስህተት ነው። ዩፒኤስ ካለ ግድግዳው ቢሞትም ከባትሪው ወደ 220 ቮልት እየሠራ ያቀብላል። ዩፒኤስ ባይኖርም መብራቱ እጅ ውስጥ እያለ ሊመጣ ይችላል፤ አንዳንድ ኮምፒውተሮች ደግሞ ኃይል ሲመለስ በራሳቸው እንዲነሡ ባዮስ (የኮምፒውተሩ የመነሻ ቅንብር) ላይ ተስተካክለዋል። ቆሞ የነበረው ፋን ጣት ክንፎቹ መሃል እያለ ይነሣል ማለት ነው። እነዚህ ልጆች መብራት ቢኖርም ባይኖርም ገመዱን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ነቅለው ጠረጴዛው ላይ፣ ደንበኛው በሚያየው ቦታ ያስቀምጡታል።

በላፕቶፕ ሥራቸው የሚስተካከላቸው ብዙ አይደለም። የታችኛው ክዳን እንደተነሣ መጀመሪያ የሚነካው የባትሪው ማያያዣ ነው፤ እሱ ሳይነቀል የስክሪን ገመድ አይነኩም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የስክሪኑን የጀርባ መብራት የሚያበራው መስመር ከሌሎቹ ከፍ ያለ ቮልቴጅ አለው። ባትሪው ሳይነቀል ገመዱ ትንሽ ተዛንፎ ከተሰካ ያ ቮልቴጅ ወደ አጠገቡ ፒን ይሻገራል፤ የጀርባ መብራቱ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ሲብስም ማዘርቦርዱ ይጎዳል። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ይነሣል፣ ድምፅ አለው፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። የስልክ መብራት ጠጋ አድርጋችሁ ብታዩ ምስሉ ደብዝዞ ከውስጥ ይታያል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ «ስክሪኑ ሞቷል» ይልና አዲስ ስክሪን ያስገዛል። የተቃጠለው ግን ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ፊውዝ ልትሆን ትችላለች።

ፓወር ሰፕላይ ግን አይከፍቱም፤ ከተበላሸ ይቀየራል ይላሉ። ይህን እንደ ገንዘብ መውደድ የሚቆጥሩ ደንበኞች አሉ፤ ልክ አይደሉም። ውስጡ 220ው ቮልት ወደ ቀጥተኛ ኃይል ተለውጦ 310 ቮልት አካባቢ ሆኖ ትልቁ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ክፍል) ላይ ይቀመጣል። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል፤ ቻርጁን እንዲጨርስ የተገጠመው ሬዚስተር ከተበላሸ ደግሞ ቆይታው ይረዝማል። ይህ ሰው ይገድላል። «ሌላ ቦታ በርካሽ ይከፍቱልኛል» የሚል ካለ ባይሞክረው ይሻለዋል።

ቅሬታችን ያለው ፍተሻው ላይ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ፣ ኮምፒውተሩ እየሠራ፣ ሙቀቱን በጣት ይለካሉ። የፕሮሰሰሩ ሂትሲንክ (ሙቀቱን የሚያወጣው ብረት) ሥር፣ ከጎኑ ያሉት የኃይል መቆጣጠሪያ ቺፖች፣ ኤስኤስዲው (መረጃ ማስቀመጫው)፣ ሁሉም ይነካሉ። ጭነት ላይ ያለ ፕሮሰሰር ከ80 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ 70 ዲግሪ የደረሰ ብረት ደግሞ ቆዳ ለማቃጠል ጊዜ አይፈጅም። ዋናው ጉዳት ግን ቃጠሎው ራሱ አይደለም። የተቃጠለ እጅ ሳያስብ ይሸሻል፤ ሲሸሽ ፋኑን ይመታል ወይም ካቻቢቴውን ማዘርቦርዱ ላይ ይጥላል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው 12 ቮልት ደረቅ እጅን አይነዝርም፤ ካቻቢቴ፣ ቀለበት ወይም የብረት ሰዓት በ12 ቮልቱና በኬዙ (በኮምፒውተሩ የብረት ሣጥን) መሃል ሲገባ ግን ሾርት ያደርጋል፣ ብረቱም ወዲያው ይግላል። ስታቲክም (ሰውነት ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ) አለ፦ ሰው ብልጭታው የሚሰማው ወደ 3,000 ቮልት ሲጠጋ ነው፤ ቺፕ ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ይጎዳል፣ እየሠራ ከሆነም በዚያው ቅጽበት ሊደርቅ ወይም ራሱን ሊያስነሣ ይችላል። ኤችደብሊው ኢንፎን የመሰለ ነጻ ፕሮግራም ሴንሰር ያላቸውን ክፍሎች ሙቀት በቁጥር እያሳየ ጣት የሚያስገባ ምክንያት የለም።

የፀረ ስታቲክ አምባራቸውንም (ስታቲኩን ከሰውነት የሚያወርድ የእጅ ማሰሪያ) ኮምፒውተሩ ሲበራ አያወልቁትም። አምባሩ ለጠፋ ኮምፒውተር ነው፤ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር የሌለው ርካሽ አምባር ከሆነ ደግሞ ኃይል ባለበት ቦታ ሰውየውን ከኬዙ ጋር በቀጥታ ማሰር ይሆናል።

የመፈተሻ ጠረጴዛው ኤክስቴንሽን ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) የለውም፤ በጎንና በጎን መታየት ያለባቸው የብረት ክሊፖች የሉም። ኬዙ እጅ የሚነዝረው በዚህ ነው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ሁለቱን የኃይል መስመሮች ከኬዙ ጋር የሚያገናኙ ትናንሽ የማጣሪያ ካፓሲተሮች አሉ፤ ግራውንድ ሲጠፋ ኬዙ ወደ 110 ቮልት ይወጣል። የሚያልፈው ከረንት ጥቂት ቢሆንም ኤችዲኤምአይ ገመድ በዚያው ሁኔታ ሲሰካ ፖርት ሊያቃጥል ይችላል። «ይነዝረኛል» ብሎ ለመጣ ደንበኛ ፓወር ሰፕላይ መቀየር መፍትሔ አይሆንም፤ አዲሱም ይነዝራል። መልቲሜትሩ እጃቸው ላይ ነው፤ ኬዙንና እርግጠኛ ግራውንድን ለክተው ቢያሳዩት ደንበኛው ከኪሳራ ይድናል።

አቧራ ሲያጸዱ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ነው፣ ፋኑንም ይዘው ነው ብሎወር የሚነፉት። በብሎወር በኃይል የሚሽከረከር ፋን ቡሹ ይጎዳል፣ እንደ ጄኔሬተርም ወደ ቦርዱ ቮልቴጅ ሊመልስ ይችላል። ከሐይቁ ዳር ለሚመጡ፣ አቧራና ትንኝ ለተጋገረባቸው ኬዞች ይህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ለላፕቶፕ ያለ ማመንታት ሂዱ። ዴስክቶፕ ከሆነ ፍተሻው በፕሮግራም እንዲሆንላችሁ ጠይቁ፤ በትሕትና ከተነገራቸው እሺ ይላሉ። ቅዳሜ ይጨናነቃሉ፣ የሥራ ቀን ጠዋት ይሻላል።