ስቲከሩ አይ7 ይላል

ላፕቶፑን የገዛሁት በስቲከሩ ነው፤ ምን አስዋሸኝ። ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ አንዱ አይ5፣ አንዱ አይ7፤ የኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ስሞች ናቸው። ሻጩ «ይኼ እኮ አይ7 ነው» ሲለኝ ሌላ ጥያቄ አላስፈለገኝም። ሰባት ከአምስት ይበልጣል፣ አለቀ።

ቤት ገብቼ ታስክ ማናጀር ከፍቼ ከግራፉ ሥር ያለውን አየሁ፦ ኮር 2። ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነው፤ የኔው ሁለት ብቻ! የገዛሁት አይ7-7500ዩ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ 2 ኮርና 4 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚያስኬደው የሥራ መስመር) ያለው። ትቼው የመጣሁት አይ5-8250ዩ ደግሞ በ2017 ወጥቶ 4 ኮርና 8 ትሬድ አለው። ሁለቱም ለቀጫጭን ላፕቶፕ የተሠሩ ባለ 15 ዋት ናቸው። ጊጋሄርዝ አይቶ የሚመርጥም ያው እንደኔ ይሸወዳል፤ የኔው መነሻ ፍጥነት 2.7 ሲል የዚያኛው 1.6 ነው የሚለው። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ግን 3.5 እና 3.4 ናቸው፣ ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል።

አልበድለውም፣ ለጽሑፍና ለብራውዘር አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) ነበረው፣ ራሙንም 16 ጊጋ አድርጌለት ነበር። ጉዱ የሚፈላው ቪዲዮ ኤክስፖርት ሳደርግ ነው። ፕሮሰሰሩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰክቶ ይቀራል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ማውሱ እየዘለለ ይሄዳል። ኤክስፖርት አስጀምሬ መተኛት ለመድኩ። ያንኑ ፕሮጀክት 8250ዩ ያለው ጓደኛዬ ጋ ወስጄ ስሞክረው እዚያው ቁጭ እንዳልን ጨረሰ። እሱም እንከን አያጣውም፤ ላፕቶፑ ቀጭን ስለሆነ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል።

የባሰው በኋላ መጣ። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ጀምሮ ነው። የኔው 7ኛ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2025 ላይ ሲያበቃ የጓደኛዬ ወደ 11 ተሻገረ፣ የኔ በር ላይ ቀረ። ጄኔሬሽኑ እኮ ስሙ ላይ ተጽፏል፦ 7500 ሲል 7ኛ፣ 8250 ሲል 8ኛ፣ 1215 ሲል ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ይዘህ 12ኛ።

አሁን የምሠራበት ይኼው አይ3-1215ዩ ነው፣ የ2022። ሁለት ትልልቅና አራት ትንንሽ፣ በድምሩ 6 ኮር አለው። አይ3 ገዛህ ብለው የሳቁብኝ ነበሩ፤ ኤክስፖርቱን ሲያዩ ዝም አሉ። ቅር ያለኝ ራሙ በአንድ ካርድ ብቻ መምጣቱ ነው። ግራፊክሱም የሚጠቀመው ያንኑ ራም ስለሆነ፣ ባዶው ቦታ ላይ ሁለተኛ ስጨምርለት ነቃ አለ።

አዲስ ሁሉ ይሻላል ማለቴ ግን አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ሴሌሮን ኤን4020 (የኢንቴል ርካሽ ፕሮሰሰር) ያለው ላፕቶፕ ሊገዛ ሲል ነው የደረስኩበት። በ2019 የወጣ ነው፣ ግን 2 ኮርና 2 ትሬድ ብቻ፤ ከዚያ ከተሸወድኩበት አይ7 እንኳ በብዙ ይንቀረፈፋል። የኤኤምዲ ኩባንያ ፕሮሰሰር የሆነው ራይዘን ላይም ሌላ ወጥመድ አለ፦ ራይዘን 5 7520ዩ በ2022 የወጣ ባለ 7000 ቁጥር ቢሆንም ውስጡ በ2019 የተዋወቀው ዜን 2 የሚባል ንድፍ ነው። የሚያጋልጠው ሦስተኛው ቁጥር ነው፣ ያ 2። ጎኑ ያለው 7530ዩ ላይ 3 ስለሆነ ዜን 3 ነው።

ለወንድሜ አሮጌውን ሊኑክስ ጭኜ ሰጠሁት። ስቲከሩን ልላጠው ስል ከለከለኝ፤ ጓደኞቹ ፊት «አይ7 ነው ያለኝ» እያለ ይጎርርበታል።