የካርድ ቆጣሪ በገጠር ቤት፦ ዕቃው ጥሩ ነው፣ አገጣጠሙን ግን አይታችሁ ፈርሙ

የድሮው ባለ ዲስክ ቆጣሪ ወርዶ የቅድመ ክፍያ ካርድ ቆጣሪ ሲሰቀል የገጠር ደንበኛ መጀመሪያ የሚለው «ይበላል» ነው። ከፊሉ እውነት ነው። ያረጀ ዲስክ ይጎተታል፤ አንድ አምፖል ብቻ ሲበራ ጭራሽ ላይዞር ይችላል። 5(60) አምፔር የተጻፈበት ክላስ 1 (ስህተቱ ከ1 በመቶ የማያልፍ) ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ግን ከ20 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም ከ5 ዋት ባነሰ ጭነት መቁጠር ይጀምራል። ሌላው ምክንያት ታሪፉ ነው፦ ከመስከረም 2017 ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ በዚያው ብር የሚገዛው ኪሎዋት ሰዓት ያንሳል። ለዚህ ቆጣሪው ተጠያቂ አይደለም።

መጠርጠር ከመጣ መለካት ይቻላል። ቀዩ መብራት ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ፊቱ ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ 1600 ነው። ሌላውን ሁሉ አጥፍታችሁ 1000 ዋት ምድጃ ብቻ ለአንድ ደቂቃ አብሩ። በ220 ቮልት 27 ገደማ ብልጭታ ይቆጠራል። ቮልቱ 190 ከሆነ ምድጃውም ስለሚደክም ወደ 20 ይወርዳል፤ ስለዚህ ከመፍረዳችሁ በፊት ቮልቱን እዩ፣ አብዛኞቹ ስክሪናቸው ላይ ያሳያሉ። ከትራንስፎርመሩ ርቆ በቀጭን ገመድ የሚመጣ መስመር ማታ ማታ 180 ሲደርስ 3500 ዋት ምጣድ 2350 እንኳ አይሞላም። እንጀራው ይዘገያል፣ ምጣዱ በቆየ ቁጥር የሚባክነው ሙቀት ይበዛል፣ ሒሳቡም እንዲሁ።

ትልቁ ጣጣ ግን ኒውትራሉ (ከረንቱ የሚመለስበት ገመድ) ጋ ነው። በገጠር አንድ ቆጣሪ ሦስትና አራት ጎረቤት ሲያበራ መኖሩ የታወቀ ነው። ለየቤቱ ቆጣሪ ሲገባ ፌዙ (ከረንቱን የሚያመጣው ገመድ) ይለያል፤ ኒውትራሉ ጣራ ሥር እንደተቋጠረ ይቀራል። ብዙዎቹ አዳዲስ ሞዴሎች በሁለቱም ገመድ የሚያልፈውን ከረንት ይለካሉ። እኩል ካልሆነ የሌብነት ምልክት አብርተው የሚበልጠውን ይቆጥራሉ፤ ጨርሰው የሚያጠፉም አሉ። ጎረቤት ምጣድ ሲጥድ የእናንተ ካርድ የሚያልቀው እንዲህ ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ የጎረቤት ምጣድ በርቶ ሳለ የራሳችሁን ዋና ብሬከር አጥፉ። ቀዩ መብራት ብልጭታውን ካላቆመ የሌላ ቤት ከረንት በእናንተ ቆጣሪ እየተመለሰ ነው። መፍትሔው ከየቆጣሪው መውጫ እስከየቤቱ ኒውትራሉን መለየት ነው፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። የቆጣሪውን የታች ክዳን ማንም እንዳይነካው። ሲከፈት ብዙዎቹ መብራቱን ዘግተው ይቆለፋሉ፣ የሚፈታውም የኤሌክትሪክ ተቋሙ ብቻ ነው።

ካርዱ ራሱ አያስቸግርም። የሚሠራው በተመዘገበበት ቆጣሪ ብቻ ነው፣ ከጎረቤት መዋስ የለም። የጓዳ ጭስና አቧራ ቺፑ ላይ ሲጋገር አልቀበል ይላል፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል። ችግሩ መሙያው ነው። አገልግሎት መስጫው ወረዳ ከተማ ላይ ከሆነና እናንተ የምትወጡት በገበያ ቀን ብቻ ከሆነ፣ ሊጡ ከመቦካቱ በፊት ቀሪውን ማየት ግድ ነው። 3500 ዋት ምጣድ ሳይጠፋ ሁለት ሰዓት ከሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ቀሪው ከ10 በታች ከሆነ ጋገራውን ባትጀምሩ ይሻላል።

ንባቡን በኔትወርክ ራሱ የሚልከውና ከሩቅ ትእዛዝ የሚቀበለው ስማርት ቆጣሪ ይህን መንገድ ያስቀራል፣ ቆጣሪ አንባቢ በማይደርስበት ቀበሌም የግምት ቢል ይቀራል። ኔትወርኩ ግን ወሳኝ ነው። ሲጠፋ ንባቡ ቆጣሪው ውስጥ ተቀምጦ በኋላ ይላካል፤ ከሩቅ የተላከ የማብራት ትእዛዝ ግን ኔትወርክ እስኪመለስ አይደርስም። ሲግናል በሚቆራረጥበት ሰፈር ለጊዜው ካርዱን እመርጣለሁ።

ቴክኒሺያኑ ፕሎምፕ ከማድረጉ (ቆጣሪውን ከማሸጉ) በፊት ሦስት ነገር አስደርጉት። የአሉሚኒየም ገመዱን ብሎኖች አንዴ ካጠበቀ በኋላ ደግሞ ያጥብቃቸው፣ አሉሚኒየም ሲጨመቅ ይላላና በምጣድ ጭነት ይግላል። ቆጣሪው ዝናብ የማይደርስበት ክዳን ሥር ይሰቀል። የወረደው ቆጣሪ የመጨረሻ ንባብ በፊታችሁ ተጽፎ፣ ፎቶውም ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ፤ የድሮው ዕዳ ክርክር የሚነሳው ከዚያ ቁጥር ነው።