የሽቦ ፍርግርግና ኮሮፕላስት፦ በእጅ የሚገጣጠመው የጊኒ ፒግ ቤት ሲገመገም

ለጊኒ ፒግ፣ ከአይጥ ወገን ለሆነው ትንሽ የቤት እንስሳ፣ ቤት በእጅ ለመሥራት ላሰበ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ዕቃ ለእንስሳ ተብሎ የተሠራ አይደለም። አንዱ ልብስና መጻሕፍት መደርደሪያ እንዲሆን በፓኬት የሚሸጠው የሽቦ ፍርግርግ ነው፤ ሌላው የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራበት፣ እንደ ካርቶን ውስጡ ቦይ ቦይ የሆነው ኮሮፕላስት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ፍርግርጉ ግድግዳ፣ ኮሮፕላስቱ ወለል ይሆናል። ፍርግርጉ ጥሩ ነው፤ ኮሮፕላስቱ ከጥሩም በላይ ነው። ችግር የሚያመጣው ከፍርግርጉ ጋር በፓኬቱ የሚመጣው ክብ የፕላስቲክ ማያያዣ ነው።

ይህን ዕቃ ከተዘጋጀው ቤት የሚያስመርጠው ስፋቱ ነው። ጊኒ ፒግ የሚሮጠው በሜዳ ላይ ነው፤ መውጣትና መንጠላጠል አይችልበትም። ስለዚህ ቤቱ በወለሉ ስፋት እንጂ በፎቁ ብዛት አይለካም። ለሁለት እንስሳት 0.7 ካሬ ሜትር የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ነው፤ ወደ 1 ካሬ ሜትር ሲጠጋ ነው በትክክል ሲሮጡ የሚታዩት። ሁለት ወንዶች አብረው ሲኖሩ ደግሞ ጥበቱ ጠብ ያመጣል። ተሠርተው ከሚሸጡት ቤቶች ብዙዎቹ ከዝቅተኛው ልክ እንኳ በታች ናቸው። ቦታ ጠበበ ብሎ አንዱን ብቻ ማኖርም መፍትሔ አይሆንም፤ በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነውና። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ደንብ ጊኒ ፒግን ለብቻው ማኖር ከልክላለች።

አንዱ ፍርግርግ በየጎኑ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለት በሦስት አድርገው ቢያቆሙት ዝቅተኛውን ልክ ያልፋል፤ የምንመክረው ግን ሁለት በአራቱን ነው። ለዚህ ግድግዳው ብቻ 12 ፍርግርግ ይፈልጋል። ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወይም መሬት ላይ ከተቀመጠ የሽቦ ወለል አያስፈልገውም። ውሻ፣ ድመት ወይም ሕፃን ባለበት ቤት ለክዳን 8 ይጨምሩ። እነዚህ በሌሉበት ያለ ክዳን ይበቃል፤ 35 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ትልቅ ጊኒ ፒግ አይዘለውም።

ሲገዙ ከቀለሙ በፊት ቀዳዳውን ይለኩ። ሁለት ዓይነት ፍርግርግ ይሸጣል፤ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። በአንድ ጎኑ 9 ቀዳዳ ያለው ደህና ነው፤ የእያንዳንዱ ቀዳዳ ጎን ከ3.8 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። 8 ቀዳዳ ያለው ግን ሰፊ ስለሆነ ትንሹ ጊኒ ፒግ ጭንቅላቱን ያስገባና መመለስ ያቅተዋል፤ ይህ ለሞት የሚያበቃ አደጋ ነው። ምስሉ ላይ ቀዳዳውን ቆጥሮ መግዛት ይቻላል። የተገዛው ሰፊው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሁለት ፍርግርግ አደራርቦ አንዱን በግማሽ ቀዳዳ ፈቀቅ ማድረግ ያጠበዋል፤ ግን ዕቃው እጥፍ ይሆናል።

ወደ ኮሮፕላስቱ እንምጣ፤ ሥራው ያለው እዚህ ነው። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ይምረጡ። ከዚያ የሳሳው ሲታጠፍ ይሸበሸባል፣ ሲሸከሙትም ይጎብጣል። ሙሉው ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከአንዱ የሁለት በአራቱ ወለል ወጥቶ ይተርፋል። ከመቁረጥ በፊት ግን ፍርግርጉን አቁመው ውስጡን በሜትር ይለኩ። የማያያዣው ውፍረት ከፓኬት ፓኬት ስለሚለያይ በቃል የሚነገር ልክ ተስፋ አይጣልበትም። ውስጡ 142 በ71 ቢሆን ለምሳሌ ወለሉን 141 በ70 ያድርጉት፤ ያቺ 1 ሴንቲ ሜትር ካልተቀነሰች ሰሌዳው መሐሉ ላይ ያብጣል፣ ሽንቱም ወደ ጥግ ይሸሻል። በአራቱም ጎን ለሚታጠፈው ጠርዝ 15 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር የሚቆረጠው ቁራጭ 171 በ100 ይሆናል።

ማጠፊያውን መስመር በከተር የሚጭሩት በውጭ በኩል፣ ማለትም ከሥር በሚሆነው ገጽ ነው። ከሁለቱ ገጾች የሚጫረውን የውጭውን ብቻ ይቁረጡ፤ ውስጠኛው እንደ ማጠፊያ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ከተጫረው መስመር በተቃራኒ ወደ ላይ ያጥፉት። በውስጥ በኩል የጫረ ሰው ሽንትና ቆሻሻ የሚገባበት ስንጥቅ ከፈተ ማለት ነው፤ ሽታው በሁለተኛው ሳምንት ይጀምርና ምንም ቢታጠብ አይለቅም። በቦዩ አቅጣጫ መጫር ቀላል ነው፤ ቦዩን አቋርጦ ሲሆን ግን ከተሩ ይዘላል፣ ስለዚህ ከብረት ማስመሪያ ጋር ቀስ ብሎ ሁለት ጊዜ ማስኬድ ይሻላል። በየጥጉ ከሁለቱ መስመሮች አንዱን ብቻ እስከ መጋጠሚያው ሙሉ በሙሉ ይቁረጡት። የተፈታው ካሬ ክንፍ ሲታጠፍ ከጎረቤቱ ግድግዳ ውጭ ይውላል፤ ሰፊ ስኮች ለጥፈው ያሽጉት። ስኮቹ ሁልጊዜ ከውጭ ነው፤ ውስጥ ያለውን ያኝኩታል።

15 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ለምን? ወለሉ ላይ ለእንስሳቱ የሚነጠፈው ንጣፍ ራሱ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ያለው የሚበተነውን ድርቆሽና ወደ ጥግ እያፈገፈጉ የሚሸኑትን ለመያዝ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር አድርጎ የሚሠራ ሰው ከቤቱ ውጭ መጥረግ ሥራው ይሆናል። ከ20 ካለፈ ደግሞ አየሩ ከታች ይታመቅና እንስሳቱም ውጭውን ማየት ያቅታቸዋል።

አሁን ወደ ማያያዣው። ለ12 ፍርግርግ ከላይም ከታችም ሲቆጠር 24 ያስፈልጋል። የሽቦው ጫፍ ጎድጓዳው ውስጥ የሚገባው በግፊት ብቻ ስለሆነ፣ ጊኒ ፒግ ግድግዳው ላይ ሲደገፍ ወይም ሰው ቤቱን ፈቀቅ ሲያደርግ ቀስ በቀስ ይወጣል። አንዱ ሲለቅ ጎረቤቱም ይላላል፤ ክፍተት የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ሲገጥሙት በጎማ መዶሻ መታ መታ ማድረግ ይረዳል፤ በእጅ ብቻ የተገፋ አይቆይም። ኬብል ታይ የሚባለው የፕላስቲክ ማሰሪያ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በየመገጣጠሚያው ሦስት፣ በድምሩ 36 ይበቃል። መጀመሪያ ሁሉንም ላላ አድርገው ያስሩ፣ ማዕዘኑን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ያጥብቁ፤ አንዱን ጎን አጥብቆ መጀመር ቤቱን ያጣምመዋል። ቋጠሮው ወደ ውጭ ይዙር፣ ትርፉም በፒንሳ ከሥሩ ይቆረጥ። የተቆረጠው ጫፍ እንደ ምላጭ ስለሚሆን በሞረድ ቢዳሰስ የራስንም እጅ ያድናል። የፊት ለፊቱን አንድ ፍርግርግ ከታች ብቻ ላላ አድርገው ያስሩና ከላይ በወረቀት ክሊፕ ይያዙት፤ ሲፈታ ወደ ውጭ የሚወርድ በር ይሆናል።

ቤቱን ከመሬት ከፍ ማድረግ የሚፈልጉ ከሥር ሽቦ ወለል ሲሠሩ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። ትልቅ ጊኒ ፒግ 1 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ንጣፉ፣ ውኃውና ድርቆሹ ሲደመር መሐሉ ይሰምጣል። ከሥሩ የሚደግፈው ነገር ከሌለ ጠረጴዛ ይሻላል። ኮሮፕላስት ሳያነጥፉ በሽቦ ላይ ማስኬድ ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ መዳፋቸው ፀጉር የሌለው ስለሆነ ይቆስላል፣ ቁስሉም ወደ አጥንት የሚደርስ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል።

ሁለተኛ ፎቅ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። መወጣጫው ከ30 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ አብዛኞቹ አይወጡበትም። ከተረፈው ኮሮፕላስት ይሥሩት፣ ላዩን በጨርቅ ያልብሱት፣ ግራና ቀኙንም ይከልሉት።

ለንጣፍ የወረቀት ብናኝ ወይም ፍሊስ ጨርቅ እንመርጣለን። ፍሊስ ከሥሩ የሚመጥ ጨርቅ ይፈልጋል፤ ከመነጠፉ በፊትም ያለ ልብስ ማለስለሻ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠብ፣ አለበለዚያ ሽንቱ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። የእንጨት ፍቅፋቂ ሲሆን በምድጃ የደረቀና ብናኙ የተነፋ ይሁን። ጠንካራ መዓዛ ያለው እንጨት፣ በተለይ ሴዳር፣ መተንፈሻቸውን ይጎዳል። ደቃቅ ሳጋቱራም እንዲሁ።

መጠለያ ለየራሳቸው አንድ አንድ፣ እያንዳንዱም ሁለት በር ያለው ይሁን፤ አንድ በር ብቻ ካለው ጉልበተኛው ደጁን ዘግቶ ሌላውን ያስጨንቃል። ቤቱ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው፣ ነፋስ የማይነፍስበት ቦታ ይቀመጥ። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ይመቻቸዋል፤ ወደ 30 ሲጠጋ በሙቀት ሊሞቱ ይችላሉ።

ዕድሜውን በተመለከተ ፍርግርጉ ቀለሙ እስካልተላጠ ድረስ ዓመታት ያገለግላል፤ የተላጠበት ቦታ በሽንት ስለሚዝግ ያንን አንዱን ብቻ አውጥቶ መቀየር ይቻላል። የተዘጋጀ ቤት ይህን አይሰጥም። ኮሮፕላስቱ ላይ ነጭ ሆኖ የሚደርቀው የሽንት ካልሲየም ነው፤ በሳሙና አይለቅም። ኮምጣጤን ከእኩል ውኃ ጋር ቀላቅለው 15 ደቂቃ ያቆዩበት፣ ከዚያ በጨርቅ ይጥረጉ። በብረት ሽቦ መፈግፈግ ገጹን ይቧጭረዋል፣ ሽታውም ጭረቱ ውስጥ ይቀራል። የላይኛውን ጠርዝ ማኘክ ከጀመሩ ሰሌዳውን ከፍርግርጉ ጋር በክሊፕ አጣብቀው ይያዙት፤ ማኘኩ ካልቆመ ጠርዙ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ ያልብሱት፣ የሚውጡት ቁራጭ እንዳይኖርም በየሳምንቱ ጽዳት ጊዜ ይዩት።