14 ወራት ከማርቸዲስ 230 ኢ ጋር፦ የኋላ እግር ነጂ የቤት መኪና በአዲስ አበባ እምብርት

ይህችን ማርቸዲስ ቤንዝ 230 ኢ የገዛኋት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ ባለፉት 14 ወራት 11,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቻታለሁ። በ1991 እ.ኤ.አ. የተመረተች፣ በፋብሪካው አጠራር ዳብልዩ 124 ከሚባለው ትውልድ የምትመደብ፣ ባለ 4 ሲሊንደር 2.3 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያላት፣ ኃይሏም ወደ ኋላ እግሯ የሚሄድ መኪና ናት። የዘወትር መንገዴ ከአራት ኪሎ ተነስቶ በፒያሳ ያልፍና ቸርችል ጎዳናን ወርዶ ሜክሲኮ ይደርሳል፤ ማታ ያንኑ ዳገት እመለስበታለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት፣ ብዙ በሚያስቆም መንገድ ላይ ያየሁትን ነው።

ከ30 ዓመት በላይ የሆናት መኪና መግዛቴ ያስገረማቸው ወዳጆች አሉኝ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያለ ደህና መኪና በጥንቃቄ ተጠብቆ ሊኖር የሚገባው ንብረት ሆኗል ብዬ አምናለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን የመለዋወጫ ዋጋ በብርቱ ስለ ጨመረ፣ ጥገናን አስቦና ቅደም ተከተል ሰጥቶ ማካሄድ ግድ ሆኖብኛል።

መኪናዋን ስረከብ ላይዋ ያማረ ነበር፤ ቀለሟ ያበራል፣ ወንበሯ አልተቀደደም፣ በሯም ሲዘጋ ያ የታወቀው ድፍን ድምፅ ይሰማል። ችግሩ ከሥሯ ነበር። ከቆምኩበት ስነሳ ከወለሉ ሥር አንድ ጊዜ «ጓ» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ፍጥነቴ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ደግሞ እስከ ወንበሬ የሚዘልቅ ንዝረት ይጀምራል። ጎማ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ባላንስ ባሠራም ለውጥ አላየሁም። በመጨረሻ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ለብዙ ዓመታት ማርቸዲስ ብቻ ሲጠግኑ ወደኖሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄድኩ። ጋሼ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ እኔን ከጎናቸው አስቀምጠው አንድ ዙር ነዱና፣ «ልጄ፣ ጎማህን ተወው፤ የዘንጉ ጎሚኒ አልቋል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኋላ እግር ነጂ መኪና ኃይሉን ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ዲፈረንሻል፣ ማለትም ለሁለቱ የኋላ እግሮች ወደሚያከፋፍለው ክፍል፣ የሚያደርሰው በወለሉ ሥር በተዘረጋ ረጅም ዘንግ ነው። በዚህች መኪና ዘንጉ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ መሐሉን በጎማ የታቀፈ ኩሽኔታ ይሸከመዋል፤ ከፊት ከካምቢዮው፣ ከኋላ ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያያዘውም 6 ቀዳዳ ባላቸው ሁለት ወፍራም የጎማ ክቦች ነው። እነዚህ ጎሚኒዎች የሞተሩን ምት ስለሚያለዝቡ ለመኪናዋ ልስላሴ ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን ጎማ ናቸውና ዕድሜ ሲጫናቸው በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይሰነጠቃሉ። ከሥር ገብቼ ስመለከት የኋለኛው እስከ ውስጡ ክር ድረስ ተቀድዶ ነበር። ተበጥሶ ዘንጉ ቢፈታ ወለሉን እየደበደበ ብዙ ጉዳት ያደርስ ነበርና፣ ያንን ሳይ በቸርችል ቁልቁለት የነዳሁባቸውን ሳምንታት አስቤ ደነገጥኩ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠራሁ። ዋጋው ስለ ቀለለኝ ከአንድ ሱቅ «ኦሪጅናል» ተብሎ የተሸጠልኝን አስገጠምኩ፤ በ9 ሳምንት ውስጥ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን የጀርመን ሥሪት ከዱባይ በሚመጣ መንገደኛ አስመጣሁ፤ ዋጋው ሦስት እጥፍ ነበር፣ ዛሬ ድረስ ግን ምንም አልሆነም። ሶማሌ ተራ ለመስተዋት፣ ለበር እጀታ፣ ለመብራትና ለመሳሰሉት ያገለገሉ ዕቃዎች ጥሩ ቦታ ነው፤ ጎማ ነክ ነገር ግን በመደርደሪያ ላይም ያረጃልና ያገለገለ እንዳትገዙ አጥብቄ እለምናለሁ። ሁለቱን ጎሚኒዎችና የመሐሉን ኩሽኔታ በአንድ ቀን ማስቀየርም ይሻላል፤ ለአንዱ የሚፈታው ብሎን ለሌላውም የሚፈታ ነውና። ጋሼ በሥራው ላይ ያሳዩኝ ጥንቃቄም መመዝገብ አለበት፦ ዘንጉ ተገጥሞ መኪናዋ በእግሯ ከቆመች በኋላ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትገፋለች፤ ዘንጉ ቦታውን ሲይዝ ነው የመሐሉ መጋጠሚያና የኩሽኔታው ብሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት። ይህ ከተዘለለ አዲሱ ዕቃም ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎም ያልቃል።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የእኔ መኪና ካታላይዘር (የጭስ ማጣሪያ) የሌላት በመሆኗ በወረቀት ላይ 136 የፈረስ ጉልበት አላት፤ እዚህ የምትሰጠው ግን ወደ 100 የተጠጋ ነው። ከጉልበቱ ይልቅ ያሳሰበኝ የነዳጁ ነገር ነበር። ኬኢ ጄትሮኒክ የተባለው የቦሽ ኩባንያ የነዳጅ መርጫ ሥርዓት የሚገባውን አየር የሚለካው አየሩ በሚያነሳው ሳህን ሲሆን፣ አየሩ ሲሳሳ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ወደ መስጠት ያዘነብላል። ካንዴላዎቹ ጥላሸት ለብሰው ነበር፤ በ100 ኪሎ ሜትርም 14 ሊትር ትጠጣ ነበር። የጭስ መለኪያ ባለው ጋራዥ የአየሩና የቤንዚኑ ድብልቅ ተስተካክሎ፣ ካንዴላና የአየር ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ በዚያው መንገድ ወደ 12 ሊትር ወረደ። ለአዲስ አበባ የተስተካከለ ድብልቅ ወደ ቆላ ስትወርዱ ይሳሳል፤ 1,000 ሜትር ገደማ ወዳለችው አዋሽ ስሄድ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ትንሽ ይንገዳገድ ነበር፣ ተመልሼ ደብረ ዘይትን ሳልፍ ተወው።

ከፍታው ማቀዝቀዣውንም ይነካል። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ የዚህ ሞተር ቴርሞስታት፣ ማለትም ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር፣ መከፈት የሚጀምረው 87 ዲግሪ ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ ውሃው እንዳይፈላ የሚጠብቀው በማቀዝቀዣው ክዳን የሚያዝ ግፊትና ትክክለኛ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው። የላላ ክዳንና የቧንቧ ውሃ በጠባብ መንገድ ተገትሮ የሚውል መኪና ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ለማጣመም በቂ ናቸው። ክዳኑን ስገዛ ከአንድ ምሳ ዋጋ ብዙ አልበለጠም።

ወደ ማሻሻያዎቹ ስመጣ፣ የመጀመሪያው ያልተሳካ ነበር። ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ከስስ ጎማ ጋር አስገጥሜ መልኳ አምሮልኝ ነበር፤ በሁለት ወር ውስጥ አንዱ ቸርኬ ጉድጓድ ውስጥ ተጣመመ፣ በኮብልስቶን መንገድ ላይም የውስጧ ጸጥታ ጠፋ። ወደ ፋብሪካው ባለ 15 ኢንች ቸርኬና 195/65 ጎማ ስመለስ መኪናዋ መኪና ሆነች። በጣም የረካሁበት ማሻሻያ ማንም የማያየው ነው። በሞላዎቹ አናት ላይ የሚቀመጡት የጎማ ትራሶች በጎናቸው ባሉ ትንንሽ ጉጦች ብዛት ከ1 እስከ 4 ይለያሉ፤ አንድ ጉጥ ሲጨምር ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ያረጁትን አውጥቼ ባለ ሁለቱን በባለ ሦስት ጉጥ ስቀይር፣ በየሰፈሩ ያሉት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ከሥር መንካታቸውን አቆሙ፤ የሞላው ልስላሴም አልተነካም። ሌላው ፊውዝ ነው፦ በአሉሚኒየም የተሠሩት አሮጌዎቹ ጫፋቸው ስለሚዝግ የመስኮት፣ የመብራትና የመጥረጊያ እንግዳ ችግር ያመጣሉ፤ በሙሉ በመዳብ ፊውዝ ስተካቸው ለመብራት ባለሙያ ልከፍል የነበረውን ገንዘብ አዳንኩ። ሬዲዮዋን ግን አልነካኋትም።

በኋላ እግር መነዳቷን በተመለከተ፣ በክረምት የመጀመሪያው ዝናብ ከአስፋልቱ ዘይትና አቧራ ጋር ሲደባለቅ፣ በእንጦጦ ዳገት ላይ ነዳጅ በድንገት ከተረገጠ ኋላዋ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ከሰኔ በፊት የኋላ ጎማዎቿ ጥርስ ጥልቅ መሆኑን አረጋግጣለሁ። በሌላ በኩል የፊት እግሮቿ ለመሪ ብቻ የተተዉ ስለሆኑ በደንብ ይታጠፋሉ፤ በጠባብ የፒያሳ መንገዶች ውስጥ ከእኔ አጠር ያሉ መኪኖች ሁለት ጊዜ የሚዞሩበትን እኔ በአንድ ጊዜ አልፋለሁ። ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚጫን፣ መንገዱ ደረቅ ከሆነ አነሳሷ እርግጠኛ ነው።

በዚህ ትውልድ ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች ከ1993 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. የተመረቱትን ሲመለከቱ፣ የሞተሩ ሽቦ ልባስ በሙቀት እየተፈረፈረ ስለሚላጥ ሽቦው ተቀይሮ እንደሆነ መጠየቅ ይኖርባቸዋል። የእኔ ቀደም ያለች በመሆኗ ከዚህ ተርፋለች። አሁን የቀረኝ የኋላ እግሮቿን የሚሸከመው ብረት ከወለሉ ጋር የሚያያዝባቸው አራት ጎሚኒዎች ናቸው፤ ኩርባ ላይ ነዳጅ ስለቅ ኋላዋ በጥቂቱ ሲወዛወዝ ይሰማኛል። ዕቃው ታዝዟል፤ ጋሼም ለጥር ሁለተኛ ሳምንት ቀጥረውኛል።